የሰው እናት አዝዬ

ሚያዝያ 9

ለወንድሜ ለሊቁ፣

ጤናህን እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው፤ መቆጣት አላቆመም ማለቴ ነው። በስልክ ለምን አትነግሪኝም ላልከኝ፣ ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ረስተኸዋል። ግራ ጎኑ ቢከዳውም ጆሮው እንደ ጥንቱ ነው፤ ስለ እሱ የማወራውን አልጋው ላይ ሆኖ ያርመኛል። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል። የአውቶቡሱ ረዳት ያደርስልሃል፣ አንተም በዚያው መልስልኝ።

የላክኸውን የጥያቄ ወረቀት አየሁት። ከጎርፍ የተረፉ ሰዎች ለሚቀጥለው እንዴት እንደሚዘጋጁና እንዴት እንደሚያገግሙ ታጠናለህ መባሉን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «የኛው ልጅ ነው» እያሉ ይኮሩብሃል። እኔም እየኮራሁ ስሞላ ስሞላ አንዱ ጥያቄ ላይ ስደርስ እርሳሱን አስቀመጥኩት። «በቤትዎ መራመድ የማይችል ሰው ቢኖር በአደጋ ጊዜ ማን ያወጣዋል?» ይላል። ምርጫው ቤተሰብ፣ መንግሥት፣ የእርዳታ ድርጅት ነው። የኛ መልስ እዚያ ውስጥ የለም።

አባዬን የሚያወጣው በያጁ ነው። አዎ፣ ያው በያጅ፤ ግቢውን በፍርስራሽ ደልድሎ ውሃውን ወደኛ ግድግዳ የላከው፣ አባዬ «ጥላው እንኳ እንዳያርፍብኝ» የሚለው። እኔ ደግሞ የበያጁን እናት አዝላለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በታችኛው ሰፈር ደንብ ወጥቷል። ማንም የገዛ ራሱን ሰው አያዝልም።

ደንቡን ያወጣችው የሹፌሩ ሚስት ናት። ባሏ ባለፈው ጎርፍ እናቱን ሊያወጣ ገብቶ አብረው መቅረታቸውን ታውቃለህ። እንዴት እንደቀሩ ግን አታውቅም። አዝሏቸው በሩ ላይ ደርሶ ነበር። «ብርድ ልብሴን» አሉት፣ ተመለሰ። «የአባትህን ፎቶ» አሉት፣ ተመለሰ። እናት ስታዝ እምቢ ይባላል? ሚስቱ ደጅ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በኋላ ሰፈሩን ሰብስባ፣ «ሰው በገዛ ልጁ ላይ ያዛል፣ ልጅም ይታዘዛል። ለባዳ ግን ይሉኝታ አለ። ጎረቤት ሲያዝላችሁ ዝም ብላችሁ ትታዘላላችሁ» አለች። የተከራከራት የለም።

ማን ማንን እንደሚያዝል በዕጣ ወጣ፤ ዕጣ ደግሞ የማንንም ጠብ አያውቅም። ማዘያዎቹን ከድንኳን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አባዬ የሱን ሲያይ፣ «በስተርጅና አንቀልባ ገዛችሁልኝ?» አለ። የሚያዝለው ማን እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ፣ «ሬሳዬን ይሸከም። በቁሜ ግን ጀርባው ላይ አልወጣም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ክረምቱ እየመጣ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ውሃው ሲመጣ አባዬ እሺ ብሎ ይታዘላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ጥናትህ ለዚህ መልስ ካለው ጻፍልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 26

ይድረስ ለእትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እየሳቀብን ነው ብለሽ እንዳታስቢ፣ በፍጹም። ደብዳቤሽን አንብቤ ስቄ ከሆነ አንቀልባው ላይ ብቻ ነው።

አባዬን እኔ ጋ ላምጣው የሚለውን እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል፣ አከራዩም ይሠራል ይሠራል ይላል። አንዴ ካወጣነው የሚያወርደው የለም። ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ያን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ በሌላ ሰው ጣራ ሥር አይተኛም።

ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። «ሌላ» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ለመቁጠር አይመችም ብሎ ኃላፊዬ አወጣው። ተከራከርኩ፤ ታትሟል ተባልኩ። ከናንተ ሰፈር የመጡት ወረቀቶች ሁሉ ዳር ላይ በእጅ ጽሑፍ «ጎረቤት» ይላሉ። ሳይቆጠሩ እንዳይጣሉ ብዬ ለቤተሰብ ይቀርባል በማለት «ቤተሰብ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁላቸው። ያንቺንም እንደዚያው።

አትቆጪኝ እንጂ፣ ደንባችሁ እኔንም ያሰጋኛል። በያጁ በዚያ ቀን ሰፈር ውስጥ ባይኖርስ? ቂሙ ቢይዘውስ? አባዬን እሱ እጅ ላይ ከምትጥዪው አንቺው ብታወጪው አይሻልም? እኔ ሩቅ ነኝ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። አስቢበት።

ወንድምሽ


ግንቦት 20

ለወንድሜ፣

አስቢበት አልከኝ፣ አሰብኩበት። አንተም ልታስብበት የሚገባ ነገር ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የመሥሪያ ቤታችሁ ፖስተር ነው። አንድ ጎልማሳ ሽማግሌ አዝሎ ውሃ ውስጥ ይሄዳል፤ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። የሰውዬው ሱሪ እንኳ አልረጠበም። ከላዩ በትልቁ፣ «የራስዎን አቅመ ደካማ ራስዎ ያውጡ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ሰው ኃላፊ ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከተረፉ ወገኖች በተገኘ መረጃ መሠረት» ተብሏል። የተረፉት ወገኖች እኛ ነን። መረጃው ያንተ ምልክት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማህም? ጎረቤትን ቤተሰብ ነው ብለህ ጽፈህ እኛ ጋ ሲደርስ ጎረቤት ቀረ።

ፖስተሩ በተለጠፈ ማግስት በያጁ ማዘያውን አጣጥፎ ይዞልኝ መጣ።

«እኔ ትእዛዝ አላፈርስም» አለኝ።

«ትእዛዝ አይደለም፣ ምክር ነው» አልኩት።

«መካሪው ወንድምሽ አይደል እንዴ?» አለኝ።

 እናቱ ከታች ከቤታቸው ሆነው፣ «እኔንስ ማን ሊያዝለኝ ነው? ይኼ ወገቤን ሲል የሚውል ልጄ?» እያሉ ይጮሃሉ። እሱ ማዘያውን ደጃችን ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሌሎቹም እየተከተሉት ነው፤ እስካሁን አራት ማዘያ ተመልሶልኛል። አባዬ ከደስታው ብዛት ሾርባ አስጨመረ። «ልጄ የተማረው ለዚህ ነው» አለ።

አንቺው ብታወጪው አይሻልም ላልከው፣ አባዬ ከኔ እጥፍ ይከብዳል። ቢቀልም ደግሞ እኔ የሹፌሩ ሚስት የነገረችንን አልረሳሁም። «ቆይ፣ ምላጬን» ቢለኝ የምመለስ እኔ ነኝ። ሳላወላውል የምወጣ ይመስልሃል? አባቴ ነው እኮ።

ፖስተሩን አስነሳልን። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።

እህትህ


ሰኔ 8

እትዬ፣

ልክ ነሽ። ደብዳቤሽን ይዤ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። አነበብኩለት። «ስሜት ነው» አለኝ። በእጅ የተጻፈውን «ጎረቤት» አውጥቼ አሳየሁት፣ «ታዲያ ለምን ቤተሰብ ላይ ምልክት አደረግክ?» አለኝ። ሊጣሉ ስለሆነ ነው ስለው፣ መጣል ነበረባቸው አለኝ። እርማት ይታተም ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። ለአዲሱ በጀት ዓመት ይቅረብ የሚል ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ወንዙም በጀት ዓመት ይጠብቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

እንደዚህ የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስንት ሰው ደጅ ቁጭ ብዬ ጎርፉን እንደገና አስተርኬ፣ አስለቅሼ፣ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ምስል ላይ ፈገግታ ሆኖ ወጣ።

ፖስተሩን ቅደጂው። የጠየቀሽ ካለ ወንድሜ ነው ያለኝ በይ። ስለ ሥራዬ አታስቢ፣ ደህና ነው።

ወንድምሽ


ሰኔ 23

ለሊቁ፣

ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቀድጄዋለሁ። እናንተ መሥሪያ ቤት ሌላው ሁሉ ቢቀር ሙጫ ትችላላችሁ። ከሹፌሩ ሚስት ጋር በእርጥብ መጥረጊያ ስንፍቅ አረፈድን። የሰውዬው ፈገግታ አልለቅ ብሎ እዚያው ቀርቷል።

የተመለሱትን ማዘያዎች የሹፌሩ ሚስት ራሷ ቤት ለቤት ዞራ መለሰቻቸው። ለሦስቱ ብዙ አልተናገረችም፤ እሷ ደጃቸው ላይ መቆሟ በቃ። በያጁን ግን እጁን ይዛ አባዬ አልጋ ድረስ አመጣችው። እኔ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ያልሰማሁ መሰልኩ።

«እኔም እርስዎን ለማዘል ቋምጬ አይደለም፣ ዕጣ ሆኖብኝ ነው» አለው በያጁ።

«ዕጣህን ለሌላ ስጥ» አለ አባዬ።

«ማን ይቀበለኛል? ክብደትዎን ሰፈሩ ያውቀዋል።»

«ግቢህን ስትደለድል ያልከበደህ እኔ ከበድኩህ?»

 በያጁ ማዘያውን አልጋው ራስጌ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለማዘያው ሰጥቶ ነው የሚተኛው። ልምምድ ሲጠራ ታመምኩ ይላል። የታመመ ሰው ታመምኩ ሲል ምን ይባላል?

እኔ ግን እየተለማመድኩ ነው። የበያጁ እናት እንደ ላባ ቀላል ናቸው፣ አፋቸው ነው የከበደኝ። «ቀስ በይ። አሁን ወደ ቀኝ። ምን ያስተኛሻል፣ ያቺን ከፊት ያለችውን ቅደሚያት እንጂ» ይሉኛል ጀርባዬ ላይ ሆነው። ያ ሁሉ የይሉኝታ ነገር እሳቸውን አይመለከትም። ቤታቸው ከኛ በታች ስለሆነ ጎርፍ ሲመጣ ወደምንሸሽበት ወደ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ስወጣ በኛ በር ነው የማልፈው። አባዬ በመስኮት ያየኛል።

ስለ ሥራህ ደህና ነው ያልከው ቶሎ ያለቀ ዓረፍተ ነገር ሆኖብኛል።

እህትህ


ሐምሌ 28

እትዬ፣

በሬዲዮ ሰማሁ። ስልክሽ አይጠራም። አውቶቡስ ቆሟል፣ መንገዱ ተቆርጧል አሉ። ይህን ደብዳቤ እህል ጭኖ ለሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ለምኜ ሰጥቼዋለሁ።

ሥራዬ ሰው አደጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። እኔ ግን መናኸሪያ ሄጄ ከመቆምና ከመመለስ በቀር ያደረግሁት የለም። ማን እንዳለ ጻፊልኝ። ሌላው ይቆየኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 6

ለወንድሜ፣

አባዬ በሕይወት አለ። እኔም አለሁ። ከታችኛው ሰፈር የጎደለ ሰው የለም፤ አልጋ ላይ የነበሩት ሁሉ ወጥተዋል። እንዳትደነግጥ ብዬ ይህን አስቀደምኩ።

ያለነው ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዴስኮቹን ገጥመን እንተኛለን። ወደ በያጁ በኩል ያለው ግድግዳችን ወድቋል፣ የስፌት መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ነው። መኪናው ይታጠባል። እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር፣ ግን ደብዳቤውን አጥፌ መልሼ ዘረጋሁት።

ውሃው የመጣው በጠራራ ቀን ነው። የበያጁን እናት አዝዬ ስወጣ በያጁ ገና ከሥራው አልደረሰም ነበር። በራችን ክፍት ነበር። አባዬ አየኝና ጠራኝ። በስሜ ጠራኝ። ጀርባዬ ላይ ያሉት ሴትዮ የዚያን ጊዜ ብቻ ምንም አላሉም፤ ትንፋሻቸውን ማጅራቴ ላይ እሰማዋለሁ። አባዬ ደግሞ ጠራኝ።

አልቆምኩም። ዞር ብዬም አላየሁም። ፎቁ ላይ ደርሼ አሮጊቷን አወረድኳቸው። ወደ ታች ልመለስ ስነሳ የሹፌሩ ሚስት ወገቤን ይዛ አስቀረችኝ። ነክሻታለሁ፤ ጥርሴ እጇ ላይ አለ። ከዚያ በያጁ አባዬን አዝሎ ደረጃውን ሲወጣ አየሁ። እንዴት ብሎ እሺ እንዳለው፣ ምን እንደተባባሉ፣ ሁለቱም አይናገሩም።

አሁን አባዬ በያጁን «ልጄ» ይለዋል። ጧት ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ብረት ያወራለታል፣ ስለዚያ ስለ ተደለደለው ግቢ አንድም ቃል የለም። እኔን ግን አያናግረኝም። ሳጎርሰው አፉን ይከፍታል፣ ሳገላብጠው ይገላበጣል፣ ቃል ግን የለም። እንዲታዘል ነበር የለመንኩት፤ ይኸው ታዘለ። ለእኔ የቀረልኝ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም።

ወረቀትህ ላይ «ከአደጋው በኋላ እንዴት አገገሙ?» የሚል ነበር። ምርጫዎቹን ረሳኋቸው። ከነሱ ውስጥ ይህ ካለ አንተው ምልክት አድርግልኝ፣ ለምደኸዋል።

እህትህ


መስከረም 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ከናንተ ዘንድ ተመልሼ በሰላም ገባሁ። ስትሸኚኝ አውቶቡሱ እስኪነሳ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው ብለሽኝ ነበር። ቃል ገብቼ ስለነበር ነው። ሌሊቱን ሙሉ በመንገድ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ቃሌን ለመብላት ወሰንኩ።

ውሃ ልትቀጂ ስትወርጂ አባዬን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ጢሙን እየላጨሁት ነበር። ምላጩ ጉሮሮው ላይ እያለ አይቆጣኝም ብዬ፣ «እትዬን ለምን አታናግራትም?» አልኩት።

«አለፈችኝ» አለ።

«ደንቡ እኮ ነው።»

«ስለ ደንቡ አንተን አልጠየቅሁህም። ስጠራት ምን ልላት እንደነበር ታውቃለህ? ጫማዬን ልላት ነበር። እግሬ የማይገባበትን ጫማ። ውሃው አልጋው ሥር ገብቶ እኔ የማስበው ስለ ጫማ ነበር። ብትገባ ታነሳልኛለች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ እላታለሁ። ሁለታችንም እዚያው ነበርን።»

«ታዲያ ይህንኑ ንገራት» አልኩት።

«ምን ብዬ? ትተሽኝ ስለሄድሽ እግዜር ይስጥልኝ ልበላት? አባት ለልጁ እንዲህ ይላል?» አለና አገጩን ወደ ላይ አነሳልኝ፤ ላጭ ማለቱ ነው። ቆይቶ፣ «አንተም እንዳትነግራት» አለኝ። እሺ አልኩት።

ስለ ሥራዬም ልንገርሽ፣ ደህና አልነበረም። ያን ማመልከቻ ካስገባሁ ወዲህ ከጥናቱ ተነስቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። ያልተለጠፉት ፖስተሮች እዚህ ተቆልለዋል፤ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ መውጣቱን ለኃላፊዬ ስነግረው፣ «አየህ፣ ፖስተሩ ሠርቷል» አለኝ። ወደ ፖስተሮቼ ተመለስኩ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወደ ቤት ተመልሰናል። የወደቀውን ግድግዳ በያጁ በቆርቆሮ ዘግቶልናል፤ ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል፣ አባዬ ግን «ጥሩ ሥራ» ይላል። ለቆርቆሮው ይናገራል።

እፎይ ትላለች ብለህ ጠብቀህ ይሆናል። ተናደድኩ። ለሦስት ቀን እንግድነት ለመጣኸው ሆዱን ዘረገፈልህ፤ ጧት ማታ ለማጥበው ለእኔ አፉን ለማንኪያ ብቻ ይከፍታል። አላወቅሁም ብዬ እየዞርኩ ነው። ማወቄን እንዳያውቅብኝ ፊቴን ማኮሳተር ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነብኝ። እሱ ምን ብዬ ይላል፣ እኔም ምን ብዬ እላለሁ፤ ጫማውን አውጥቼ አጥቤ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም ዓይኑን አዞረ።

ዕጣው እንደገና ይውጣ ተብሎ ነበር። በያጁ፣ «የኔን አትንኩብኝ፣ ለምጃቸዋለሁ» አለ። እናቱም እኔን አልለቅም አሉ፤ ሌላ ሰው መንገዱን አያውቅበትም ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም እንደነበረ ቀረ። ነገ ልምምድ አለ፤ ደረቅ ወቅት ነው ብሎ የሚቀር የለም።

አባዬ በሚቀጥለውም ጊዜ ሳልቆም እንደማልፍ እርግጠኛ ነው። ለበያጁ ሲነግረው ሰምቻለሁ፣ «የኔ ልጅ አትቆምም» አለው፤ ሲኮራ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። እኔ ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር፣ ባዶ እጄን ሆኜ እንኳ፣ ሲጠራኝ እሰማዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም፣ ወንድሜ። እቆማለሁ። እገባለሁ።

ይህን አንተም ለእሱ እንዳትነግረው።

እህትህ